የጋሽ ሉልሰገድ ከባድ ሳጥን

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተር አይናዲስ ለእናቷ ዜና እየደገመችላቸው ነበር። ዜናው በአማርኛ ነው የሚነበበው፣ የእናቷም ጆሮ ደህና ነው። ችግሩ ድምፅ እንዲያጎላ ተገዝቶ ከቴሌቪዥኑ ሥር ከነከባድ ሳጥኑ የተጋደመው ጥቁር ሳውንድባር ነው።

«ምን አለ?» አሉ እናቷ።

«ዝናብ ይጥላል አለ፣ እማዬ።»

«የት?»

የት እንደሆነ አይናዲስም አልሰማችም። ድምፁን ጨመረች። ዜና አንባቢው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል፤ ድምፁ ሲጨመር ጉድጓዱ ሰፋ እንጂ ሰውየው አልወጣም። ዕቃውን ከገዛች ሁለት ወሯ ነው። መሥሪያ ቤት «አዲሱ እንዴት ነው?» ሲሏት «አንደኛ!» ትላለች። አራዳ ተወልዳ ያደገች፣ ሃያ ዓመት አጭበርባሪ ስታድን የኖረች ሴት በየትኛው አፏ ተሸወድኩ ትበል?

የደወለችው ረዳቷ ሳጅን ጸሎት ናት። «ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ አንድ አዛውንት ከደረጃ ወድቀው ሞተዋል» አለቻት። «ወደቁ ነው የሚባለው። ሐኪሙ ግን መውደቅ ብቻ አይደለም ይላል።»

አይናዲስ ሪሞቱን እናቷ ጭን ላይ አስቀምጣ ወጣች። በሩን ስትዘጋ እናቷ «የት ነው ዝናቡ?» ሲሉ ሰማቻቸው።

ሟቹ ጋሽ ሉልሰገድ ይባላሉ፤ የሰባ አራት ዓመት ጡረተኛ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከአባታቸው በወረሱት አሮጌ ፎቅ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የቤቱ ሥር ድንጋይ፣ ላዩ ጭቃና እንጨት ነው፤ ደረጃው በውጭ በኩል ወደ ግቢው ይወርዳል። ጋሽ ሉልሰገድ የተገኙት ከዚያ ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ነው።

«የገደላቸው የደረጃው ጠርዝ ነው» አለ ሐኪሙ። «ግን ሁለቱንም ክንዳቸውን እዪ። በልዟል። አንድ ሰው ጨምድዶ ይዟቸው ነበር። የሞቱት ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።»

ከትከሻቸው ሥር የተሰበረ መነጽር ወጣ። አይናዲስ የተረፈውን መስታወት ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ብትይዘው ፊደሉ ጎላ አለ። የማንበቢያ ነው። ወደ ላይ ወጣች። ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ከቴሌቪዥኑ ሥር በተነጠፈው ዳንቴል ላይ ሁለተኛ መነጽር ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ይሄ የሩቅ ማያ ነው። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተነሣ እስክሪብቶ አለ፤ ወረቀት ግን የለም።

«እስክሪብቶ ያለ ወረቀት» አለች ለጸሎት። «ጻፊው።»

«ሰውየው ተይዟል እኮ፣ ኢንስፔክተር። የአካባቢው ፖሊስ ጠጋኙን ተስፋልደትን ወስዶታል።»

አይናዲስን ከሁሉ በላይ የሚያናድዳት ይሄ ነው፤ ሬሳ ሳይነሣ የሚያልቅ ምርመራ።

አስከሬኑን ያገኙት የሟቹ የጎን ጎረቤት ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ የሺዓለም ነበሩ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ኮሌታውን የገለበጡላቸውን ሸሚዝ ሊያደርሱ መጥተው ነው። ሸሚዙ አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

«ጠዋት ምን ሰሙ?» አለች አይናዲስ።

«ምን እሰማለሁ፣ ልጄ! ማሽኑ ላይ ነኝ። ማሽኑ ሲሮጥ ጥሩምባ ቢነፋም አልሰማም። በመስኮት ያየሁትን ልንገርሽ። ሦስት ሰዓት ገደማ የእህቱ ልጅ ቃለአብ ከበሩ ላይ ዞሮ ሲሄድ አየሁት። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ተስፋልደት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ሄደ። ወዲያው ተመለሰ።»

«ከጋሽ ተስፋልደት ጋር ጠብ ነበራቸው ይባላል።»

«ትላንት ሱቁ በር ላይ ሲጯጯሁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሉልሰገድ እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ‹ዝም በል! ዝም በል አልኩህ!› ይለዋል።»

«ከዘመድስ ጋር?»

ወይዘሮ የሺዓለም ድምፃቸውን ቀነሱ። «ቤቱን ለማንም አልፈርምም ይል ነበር። ለማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።»

«ቴሌቪዥን ያበዙ ነበር?»

«ከሳምንት ወዲህማ! ሳውንድባር ገዝቶ መቀመጫ አሳጣን እኮ። ካፌ በተቀመጠ ቁጥር ‹ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ብርጭቆ ያዘልላል› ነው ወሬው።»

«እርስዎስ ቤት አለ?»

«አለ» አሉ ፈጠን ብለው። «አንደኛ ነው።» ከዚያ ዞር ብለው ያለቀለትን ኮሌታ እንደገና ያስተካክሉ ጀመር።

ቃለአብ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ልብስ ለብሶ መጣ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ ቢሮ ቤት ያሻሽጣል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ከበሩ ላይ ቆሜ ተጣራሁ» አለ። «አልሰሙኝም። ቴሌቪዥኑ ይጮህ ነበር። የአዲሱ ሳውንድባር ቤዝ ድም ድም ሲል የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ደረቴ ላይ ተሰማኝ እኮ! በኋላ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ።»

«ደረጃውን አልወጣህም?»

«ከበሩ አላለፍኩም። ወጥቼ ቢሆን ኖሮ…» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሲገዙት አብረህ ነበርክ?»

«የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ። የቤዙን ሳጥን በእጄ መዘንኩት፤ ብረት ነው የሚመስለው! ኦርጅናል በክብደቱ ይታወቃል። እስከ ግቢው ተሸክሜ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ በዝቶብኝ አልመጣሁም።»

ነገሩ ግልጽ ይመስል ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ የሚጮህ ከሆነ ሰውየው በሕይወት አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ተስፋልደት ብቻ ነው። አለቃዋም በስልክ ይህንኑ ነገራት። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሰኞ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል። በሰው መግደል ብለሽ ዝጊው።»

አይናዲስ ስልኩን ዘግታ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። አንዲት ዘፋኝ አፏን ስታንቀሳቅስ አየች። ድምፅ ጨመረች፤ ሠላሳ፣ ስድሳ፣ መቶ። ዘፋኟ በጋቢ ተሸፋፍና የምትዘፍን መሰለች። ገመዱን ነቅላ ሰካች፣ ሪሞቱን መዳፏ ላይ መታ መታ አደረገች፣ አልረዳም። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ሁለት ወር ሙሉ ሳሎኗ ውስጥ ኖሯል።

የቤዙን ሳጥን ልታነሣ ጎንበስ አለች። ወገቧን ያዛት። ገልብጣ ጀርባውን ስታይ ከስምንቱ ቡሎኖች በአንዱ አናት ላይ ቀይ ነጥብ አገኘች። በጥፍሯ ፋቀችው። የጥፍር ቀለም ነው።

ተስፋልደት ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሠላሳውን ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ነው ያሳለፉት። ጣቢያው ቦርሳቸውን ወስዷል። አይናዲስ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። መፍቻ፣ የመበየጃ ካውያ፣ አንድ ጠርሙስ ቀይ የጥፍር ቀለምና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት የድሮ ራዲዮ ስፒከሮች ወጡ።

«ጋሽ ተስፋልደት፣ የጥፍር ቀለሙ የማን ነው?»

«የእኔ። የፈታሁትን ዕቃ አንድ ቡሎን አስነካዋለሁ። ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው ከነካካው ቀለሙ ይሰነጠቃል።»

«ሁሉም ጠጋኝ እንደዚህ ያደርጋል?»

«የሚያፍር ያደርጋል።»

«ዛሬ ጠዋት ምን ሊያደርጉ ሄዱ?»

«አንኳኳሁ፣ ዝም አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል ብዬ ተመለስኩ። ደረጃው በግንቡ በኩል ስለሆነ ከበሩ ላይ አይታይም።»

«ትላንት ስለ ምን ተጯጯሃችሁ?»

ተስፋልደት የቀለሙን ጠርሙስ ክዳን አጠበቁ።

«ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። ክሱ የሰው ነፍስ ማጥፋት ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ ይናገሩ እንጂ!»

«ላልናገር ለሉልሰገድ ምያለሁ። በጊዮርጊስ።»

«ያስማሉዎት ሰው ሞተዋል እኮ!»

«እሱማ ነው ችግሩ» አሉ ተስፋልደት። «አሁን ማን ከመሐላው ይፈታኛል?»

አይናዲስ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። ዋሾ ሲያናድዳት ኖሯል፤ እውነተኛ ሰው ደግሞ ከዋሾ ይበልጥ ሊያናድድ እንደሚችል ያን ቀን አወቀች። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ሰኞ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብን አያውቁም።

እሁድ ረፋዱ ላይ ሳውንድባሩ ወደተሸጠበት ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ እሸቴ እሁድም አይዘጋም። ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት የት እንደነበር ስትጠይቀው ሱቁ ውስጥ ነበርኩ አለ፤ ግራና ቀኝ ያሉት ወርቅ ቤቶችም መሰከሩለት። ከዚያ ገዢ ያገኘ መስሎት ፈገግ አለ።

«አንሺው፣ ኢንስፔክተር! ክብደቱን እዪ! ይሄ ቀልድ አይደለም።»

«አላነሣም። አሰማኝ።»

እሸቴ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ቤዙ ድም አለ፤ መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ፣ የአይናዲስም ደረት አብሮ ድም አለ። ልክ ከሁለት ወር በፊት፣ በሌላ ሱቅ፣ በሌላ ሻጭ ፊት እንዳለው።

«ዘፈኑን ተወውና ሰው ሲያወራ አሰማኝ። ዜና።»

«ዜና እንኳ… አሁን ኔትወርክ የለም።»

«ይሄ ሽቦ የት ነው የሚሄደው?» አለች። አይናዲስ ሽቦውን በጣቷ ተከትላ ባንኮኒውን ዞረች፤ ከሥሩ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ወገብ የሚያህል ስፒከር ተቀምጧል። የሚዘፍነው እሱ ነበር። ሳውንድባሩማ መብራቱን እያብለጨለጨ ተኝቷል።

«ጋሽ ሉልሰገድ ሊመልሱት አልመጡም?»

«አልመጡም።» እሸቴ አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልንገርሽ? ማንም መጥቶ አያውቅም።»

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ግቢው በር ላይ ቆሙ። ወይዘሮ የሺዓለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ቃለአብ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። እሸቴ ወደ መንገዱ ተጠግቶ ቆሟል። ተስፋልደት በሁለት ፖሊሶች መሐል ናቸው። አለቃዋም መጥቷል፤ ፊቱ ላይ ትዕግሥት አይታይም። ጸሎት ግን አልነበረችም።

«ለምን ቢሮ አልሰበሰብሽንም?» አለ አለቃዋ።

«ቃለአብ የቆመው እዚህ ስለሆነ ነው፣ ጌታዬ። ቃለአብ፣ ልክ እዚህ አይደለም?»

«እዚሁ ነው።»

«በመጀመሪያ መነጽሩ» አለች አይናዲስ። «ጋሽ ሉልሰገድ ሁለት መነጽር አላቸው። የሞቱት የማንበቢያውን አድርገው ነው፤ ቴሌቪዥን የሚያዩበት ዳንቴሉ ላይ ነበር። ስለዚህ ያን ሰዓት ቴሌቪዥን አያዩም፣ ያነቡ ነበር። ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ ተከፍቷል፤ ወረቀቱ ግን የለም። ጠጋኝ የሚፈረም ወረቀት ይዞ አይመጣም። ባለሱቅም አይመጣም።»

«ሳያዩት ከፍተውት ይሆናል» አለ ቃለአብ። «ድምፁን ሰምቻለሁ አልኩ እኮ።»

«ወደሱ እየመጣሁ ነው። ጋሽ ተስፋልደት፣ አንድ ቃል እንዲናገሩ አልፈልግም። መፍቻዎን ብቻ ይያዙ።» አንደኛው ፖሊስ ቦርሳቸውን መለሰላቸውና ከሳሎኑ የወረደውን የቤዝ ሳጥን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ይሄ ሳጥን ጌጥ ነው፤ ገመዱን ነቅዬ ሰክቼ ሞክሬዋለሁ፣ ድምፁ አይለወጥም። ይፍቱት።»

ተስፋልደት ቀዩን ቡሎን ለአፍታ አዩት። ቀለሙ አልተሰነጠቀም። ስምንቱንም አንድ በአንድ ፈትተው ክዳኑን አነሡ። ስፒከር አልነበረም። ግድግዳው ላይ ሙጫ የያዘው የሲሚንቶ ጡብ ነበር።

«ወይኔ!» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም።

ቃለአብ ሲሚንቶውን እያየ ቀረ።

«ዕቃ በክብደት የምንገዛ ሰዎች ነን» አለች አይናዲስ፤ ድምፅዋ ውስጥ የሁለት ወር ንዴት ነበር። «ከበድ ካለ ኦርጅናል ነው እንላለን። ይህን የሠራው ሰው ደግሞ ያውቀናል። ጋሽ ሉልሰገድ አልሰማ ሲላቸው ወደ ጋሽ ተስፋልደት ወሰዱት። ሲፈታ ሲሚንቶ ወጣ። የጮኹት ያን ጊዜ ነው፤ ‹ዝም በል!› ያሉትም ሰፈር እንዳይሰማ ነው። የአራዳ ልጅ ተሸወደ እንዳይባል! በጊዮርጊስ አስማሏቸው፣ ሳጥኑን ዘግተው ወደ ቤታቸው ይዘው ሄዱ፣ ካፌ ተቀምጠውም መፎከር ቀጠሉ።»

ተስፋልደት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል።

«እንግዲህ እንቁጠር። ዕቃው እንደማይሰማ ሟቹ ያውቃሉ። ጠጋኙ ያውቃሉ። እሸቴ ከሁሉም በላይ ያውቃል። ከነዚህ ማንኛቸውም ሊዋሹ ቢፈልጉ ‹ቤዙ መስኮት አንቀጠቀጠ› አይሉም። እንዲህ የሚለው ዕቃውን ከልቡ ያመነ ሰው ነው። ቃለአብ፣ ደረትህ ላይ የተሰማህ ድምፅ አለ፤ አልዋሸህም። የሰማኸው ግን እሸቴ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ከባንኮኒው ሥር ከተደበቀው ስፒከር።»

«የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ሊሆን ይችላል!» አለ ቃለአብ። ላብ ፊቱ ላይ ወጥቷል። «ወይም ያን ቀን ይሠራ ነበር!»

አይናዲስ ቀና ብላ ወደ ፎቁ ተጣራች። «ጸሎት!»

የተዘጋው መስኮት ተከፍቶ የጸሎት ፊት ብቅ አለ።

«ቴሌቪዥኑ ስንት ላይ ነው?»

«መቶ ላይ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ! አንዴ በሳውንድባሩ፣ አንዴ በራሱ፣ እያፈራረቅኩ ነው!»

ሁሉም ጆሮውን አቀና። መስኮቱ ክፍት ሆኖ እንኳን የመጣው ድምፅ ከመንገዱ የታክሲ ረዳት ጥሪ ያነሰ ነበር። ከፎቁ አንድ ሰው በሩቅ፣ በጣም በሩቅ፣ ስለ አየር ሁኔታ ያወራል።

«መስኮቱ ተዘግቶ ይህን ያህል ጊዜ ስናወራ» አለች አይናዲስ በቀስታ «ማናችንም ቴሌቪዥን መከፈቱን አላወቅንም። የሚጮህ ቴሌቪዥን አልነበረም፣ ቃለአብ። ሦስት ሰዓት ላይ አንተ ከበሩ ስትወጣ አጎትህ ከደረጃው ሥር ነበሩ። አጎቴ በሕይወት ነበሩ ለማለት ድምፅ ያስፈልግህ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ የሰማኸውን ድምፅ ተዋስክ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።»

«ወረቀቱን ቀደደው!» አለ ቃለአብ፤ ከአፉ አምልጦት ነው። «ቤቱን የምሸጥበት ውክልና ብቻ ነው ያልኩት። ገዢው ዛሬ ሰኞ ይመጣ ነበር። ቀዶ ፊቴ ላይ በተነው። ደረጃው ላይ ክንዱን ያዝኩት እንጂ… እንዲወድቅ አልፈለግኩም። ቁርጥራጩን ለቅሜ ሸሸሁ።»

አለቃዋ ጉሮሮውን ጠረገና ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠ። ቃለአብን ይዘውት ወጡ። እሸቴም ቀስ ብሎ ሊከተል ሲል አይናዲስ ክንዱን ያዘችው። «አንተ ገዳይ አይደለህም። የሲሚንቶው ፋይል ግን ዛሬ ይከፈታል፤ ከጸሎት ጋር ትሄዳለህ።»

ተስፋልደት የሲሚንቶውን ጡብ እንደያዙ ቆመዋል። «አንድ ቃል አልተነፈስኩም» አሉ። «ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው።»

«አልተነፈሱም። ቅዳሜ ይዘዋቸው የሄዱት ስፒከሮች ለምን ነበሩ?»

«ባዶው ሳጥን ውስጥ ልገጥምለት ነበር፤ ፉከራው እውነት እንዲሆንለት ብዬ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምን ዋጋ አለው? ይኸው ሰፈሩ ሰማ። ሉልሰገድ ተሸወደ ብሎ ይስቅበታል። የፈራው ይህን ብቻ ነበር።»

ከዚያ ወይዘሮ የሺዓለም የነጠላቸውን ጫፍ ይጠመዝዙ ጀመር።

«የእኔም አይሰማም» አሉ። «ዓመቱ ነው። ልጆቼ ሲደውሉ አንደኛ ነው እላለሁ።»

አይናዲስ ዝም ብላ ልታልፍ ትችል ነበር። አለቃዋ አጠገቧ ነው፣ ጸሎት ከመስኮቱ ላይ ታያለች። ነገ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚሏት ታውቃለች።

«የእኔም» አለች። «እናቴ ዜና በደንብ ከሰማች ሁለት ወሯ ነው።»

ተስፋልደት አዩዋት። ከዚያ ጡቡን መሬት ላይ አስቀምጠው በጋዜጣ የተጠቀለሉትን ስፒከሮች ከቦርሳቸው አወጡ፤ ጥቂት መዘኗቸው። ቀላል ነበሩ።

የጋሽ ሉልሰገድ አርባ ከወጣ በኋላ ተስፋልደት የአይናዲስ ሳሎን ወለል ላይ ተንበርክከው ስፒከሮቹን በሳጥኑ ውስጥ ገጠሙ፣ ስምንተኛውን ቡሎን አጠበቁና ቀይ ቀለም አስነኩት። አይናዲስ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። የዜና ሰዓት ነበር። እንደ ልማዷ ወደ እናቷ ጎንበስ ብላ «ዝናብ…» ብላ ጀመረች።

እናቷ እጃቸውን አነሡ። «ዝም በይ እስቲ» አሉ። «ሰውየው እያወራ ነው።»